ሽንቱ አታለለኝ፦ የጀልባ ሞተር ኢምፔለር መቼ ይቀየራል?

ሞተሩ ግቢዬ ውስጥ፣ ውሃ የሞላሁት በርሜል ውስጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ ውሃውን እንደ ጉድ ይተፋ ነበር። ወንድሜ በስልክ «ይሸናል?» አለኝ። «በደንብ!» አልኩት። በነጋታው ፒካፕ ላይ ጫንኩትና ወደ ኮቃ ወረድኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ያው ሞተር ሐይቁ መሃል ነክሶ፣ ማለትም ግሎ ፒስተኑ ተጣብቆ፣ ቀረ።

«ይሸናል» ስንል ላልገባችሁ፦ ጀልባ ኋላ ላይ የሚታሰር ሞተር ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ክር ይወጣል። ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ያንን ውሃ የምትገፋው፣ ፓምፑ ውስጥ የምትሽከረከረው ባለ ክንፍ ላስቲክ ደግሞ ኢምፔለር ትባላለች። እኛ ሽንት እንለዋለን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሌላ ስም አላወጣንለትም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አልርቅም። ሥራዬ ብየዳ ነው። በር፣ መስኮት፣ አጥር። ጀልባ የኔ ነገር አይደለም። ኮቃ ዳር ዓሣ የሚያሰግረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያገለገለ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር በጋራ ገዛን። ክረምት ሲመጣ እሱ ወደ እርሻው ይዞራል፣ ሞተሩ ደግሞ ሌባ እንዳይወስደው እኔ ጋ ይመጣል። ከሰኔ ጀምሮ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ የሁዳዴ ጾም ሲቃረብ ይወጣል። ጾም ሲገባ ዓሣ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው፤ ገበያው ግን ክርክሩን አይጠብቅም።

በዚያ ዓመት ሞተሩ እኔ ጋ ስምንት ወር ቆየ። ይህንን ቁጥር ያዙት፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮቃ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ እሱን ሽሽት ቶሎ ወደ ዳር እየተመለስን ነው። እኔ፣ ወንድሜና አንድ ረዳት ልጅ። መረቡ ከነዓሣው ጀልባው ውስጥ። ጋዙ ሙሉ ተከፍቷል። መጀመሪያ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ቀለም ሽታ። ቀጥሎ ሞተሩ ጉልበት እያጣ ሄደ። ወንድሜ ነፋሱ የያዘው መስሎት ጋዙን ይዞ ቀጠለ። ዞር ብዬ ቀዳዳዋን ሳያት ውሃ የለም፤ እንፋሎት ብቻ። «አጥፋው!» ብዬ ሳልጨርስ ራሱ ጠፋ። የማስነሻ ገመዱን ስስበው ንቅንቅ አይልም።

የነበረን መቅዘፊያ አንድ ነው። በተራ ቀዘፍን፣ ልጁ በጣውላ ቁራጭ አገዘን። ጉማሬዎቹ ከማዶ ራሳቸውን ብቅ እያደረጉ ያዩናል። ዳር ስንደርስ መሽቶ ነበር፣ ዓሣውም ግማሹ ለገበያ የሚሆን አልነበረም።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ ሰው አሉ። ዱሮ ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ቴክኒሻን ነበሩ። ሰፈሩ «ባሕር ኃይል» ነው የሚላቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሞተሩን ይዤ በራቸው ላይ ስቆም ክዳኑን አነሱና አሸተቱት።

«አገሪቱ ባሕር የላት፣ አንተ የጀልባ ሞተር ታቃጥላለህ» አሉኝ። «ኮከቧን የቀየርካት መቼ ነው?»

«የትኛዋን ኮከብ ጋሼ?»

ሌላ አልጠየቁኝም። ቁልፍ አምጣ አሉ።

ኮከቧ ማለት ኢምፔለሯ ናት። እኔ የማውቀው የመኪና ውሃ ፓምፕ ነበር። የመኪናው ክንፍ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ የሚያዞረውም ያንኑ የራዲያተር ውሃ ነው። ኩሽኔታው ሲጮህ ወይም ውሃ ሲያንጠባጥብ ይቀየራል፣ እስከዚያ ማን ይነካዋል። የጀልባ ሞተር ግን ራዲያተር የለውም። ሐይቁን ነው እየጠጣ የሚቀዘቅዘው። ፓምፑ ከታች፣ ውሃ ውስጥ በሚገባው እግር ላይ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ እሱንም ያዞረዋል። ክንፎቹም ላስቲክ ናቸው። የኔው ስድስት ክንፍ አለው።

ላስቲክ የሆነበት ምክንያት አለው። ኮከቧ የምትቀመጥበት ቤት ክብ ቢሆንም፣ ዘንጉ መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ክንፎቹ በአንዱ ጎን ታጥፈው ይሄዳሉ፣ በሌላኛው ይዘረጋሉ። ሲዘረጉ ውሃ ይስባሉ፣ ሲታጠፉ ይገፋሉ። ሞተሩ ቀስ ሲል ሥራው ሁሉ በዚህ መታጠፍና መዘርጋት ላይ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የውሃው ግፊት ክንፎቹን ወደ ውስጥ ያጎብጣቸውና ውሃውን በዙረት ጉልበት ብቻ ይወረውሩታል። ጋሼ ይህን ያስረዱኝ በመዳፋቸውና በቡና ሲኒ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

የእግሩን አራት ብሎኖች ፈታንና አወረድነው። የፓምፑ ክዳን ሲነሳ ከስድስቱ ክንፍ ሁለቱ የሉም። የቀሩት አራቱ እንደተረገጠ ሣር ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል። በጣቴ ቀና ባደርገው ተመልሶ ይተኛል። አንዱን ገፋ ሳደርገው ሥሩ ላይ ስንጥቁ አፉን ከፈተ።

ስምንት ወር ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሞተሩ ሲቆም ኮከቧ እንደቆመች ትቀራለች። የታጠፈው ክንፍ ስምንት ወር ሙሉ ታጥፎ ይቆያል፣ በደረቅ። ላስቲክ ደግሞ ይለምዳል። ስትፈታው ቀጥ አይልም፣ ይደርቃል፣ ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል። ብዙ ሠርቶ ነው የሚያልቀው ብዬ አስብ ነበር። የኔዋን የገደላት መቀመጡ ነው።

ታዲያ በርሜሉ ውስጥ ለምን ሸና? አምስት ደቂቃ ነው ያሠራሁት፣ ያለ ጭነት፣ ጋዝ ሳልሰጥ። ክንፎቹ የተሰነጠቁ ቢሆኑም ገና ስድስቱም ቦታቸው ላይ ነበሩ። ለቀዳዳዋ የሚበቃ ውሃ ገፉ። ሐይቁ ላይ ሙሉ ጋዝ ስንሰጠው ግን ሥራቸው አልቻለም፣ ተበጠሱ። ቁርጥራጮቹ ደግሞ የትም አይሄዱም፣ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣሉ። አንዱን የውሃ ቱቦው ውስጥ አገኘነው። ሌላኛውን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ተፈቶ፣ የውሃ መተላለፊያው ጉሮሮ ላይ ተወትፎ። ኢምፔለር ቀይረው ሞተሩ አሁንም የሚግልባቸው ሰዎች ካላችሁ፣ የጎደለውን ክንፍ ፈልጋችሁ አግኝታችኋል ወይ? ስድስት ከነበረ፣ ስድስቱም ጠረጴዛው ላይ መቆጠር አለበት።

ስለ ሽንቱ ትንሽ ልቆይ፣ ሁላችንም የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው። ያቺ ክር ከዋናው የውሃ መስመር የተገነጠለች ትንሽ ቅርንጫፍ ናት። ፓምፑ የሆነ ነገር እየገፋ መሆኑን ትናገራለች። በቂ እየገፋ መሆኑን አትናገርም። ስለዚህ ኖረች ብሎ መተኛት አይቻልም። ጠፋች ብሎም ወዲያው ኢምፔለር ላይ መፍረድ አይገባም። ሞተሩን አጥፉና መጀመሪያ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጎርጎር አድርጉ፤ ተቀምጦ በከረመ ሞተር ላይ ተርብ ቤት ትሠራበታለች፣ ጭቃም ይደፍነዋል። ቀጥሎ እግሩ ላይ ያሉትን የውሃ መግቢያ ወንፊቶች እዩ። ኮቃ ላይ እምቦጭ አለ፣ ጣና ላይ ከመሰማቱ ብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ። ሥሩና የፌስታል ቁራጭ ወንፊቱን ከሸፈኑት አዲስ ኢምፔለርም ምንም አያመጣም። እነዚህ ሁለቱ ንጹሕ ሆነው ክሯ ከደከመች፣ በተለይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ መንጠባጠብ ከጀመረችና ጋዝ ሲሰጠው ብቻ ከበረታች፣ ያኔ ኮከቧ ናት። ሳትዘገዩ ፍቱ።

ሙቀቷንም በእጃችሁ እዩ። ለብ ያለ ውሃ ጤና ነው። እጅ የሚያቃጥል ወይም የሚጨስ ከሆነ አይደለም። ትልልቆቹ ሞተሮች ሲግሉ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አላቸው፣ የኛ ትንሹ የለውም። ስለዚህ ሐይቅ ላይ ስንሆን አልፎ አልፎ አጥፍተን ቴስታታው ላይ ጠብታ ውሃ እንጥላለን። ጠብታው ከተንጫጫ ነገር አለ።

እንግዲህ መቼ ይቀየር? አምራቾቹ የሚሰጡት ጊዜ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ወይም በ100 ሰዓት ሥራ ይታይ፣ ቢዘገይ በ300 ሰዓት ወይም በ3 ዓመት ይቀየር የሚል ነገር ታገኛላችሁ። የሞተራችሁ መመሪያ ካላችሁ እሱን ያዙ። እኛ መመሪያም፣ ሰዓት ቆጣሪም አልነበረንም። ደግሞም ኮቃ ንጹሕ ሐይቅ አይደለም። ግድቡ ካለቀበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽ ደለሉን እያመጣ ያራግፍበታል። ያ ደለል በፓምፑ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ስለዚህ በየዓመቱ እንቀይራለን። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ። ሠራም አልሠራም። ጋሼ ምፅዋ ላይም በየዓመቱ ነበር የምንቀይረው ይላሉ፤ እዚያ ደግሞ ጨው አለ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ ነበር። ንጹሕ ውሃ ላይ የምትሠሩና ሞተሩን ሳታስቀምጡ የምታንቀሳቅሱት ከሆነ ሁለት ዓመት ቢሄድ አልከራከራችሁም። ግን በዓመቱ ከፍታችሁ እዩት።

ከቀጠሮው ውጪም የማልጠብቅባቸው ጊዜዎች አሉ። ያገለገለ ሞተር ከገዛሁ በዚያው ሳምንት ይቀየራል፤ ሻጩ «አሁን ነው የቀየርነው» ቢልም። (ለእኛም እንደዚያ ነበር የተባለው።) አንድ ሰው ሞተሩን ያለ ውሃ አስነስቶ ካሠራው ይከፈታል። ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው፣ በደረቅ ሲሽከረከር ደቂቃ ሳይሞላ ክንፎቹ ጫፋቸው ይቃጠላል። ጎረቤት ሲመጣ «እስኪ ድምፁን ልስማው» ይላል፤ እምቢ በሉት። ጭቃ ላይ ተቀምጦ ጭቃ ከጠጣም እከፍታለሁ። ሞተሩ አንዴ በደንብ ከጋለ ደግሞ ኮከቧ ብቻ ሳትሆን የምትቀመጥበት ቤትም ይታይ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይጣመማል።

ተከፍቶ ሲታይ ምን ይታያል? ክንፉ ተኝቶ ከቀረ፣ ሥሩ ላይ የፀጉር ያህልም ስንጥቅ ካለ፣ ጫፉ ጠፍጥፎ ካንጸባረቀ፣ ወይም ላስቲኩ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ይጣላል። የቤቱን ግድግዳና የታችኛዋን ሳህን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ እነሱም ይቀየራሉ፣ አለበለዚያ አዲሷም ውሃውን አትይዝም። የድሮዋን ጋሼ በቢላ ለሁለት ይቆርጧታል። «መጠባበቂያ ብለህ ታስቀምጣትና አንድ ቀን ትመልሳታለህ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አስቀምጬ ነበር።

ዕቃው ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ብዙ ቦታ ዞሬ አጣሁ። አንድ ላስቲክ ቀራጭ «ይሄማ ምን አላት፣ ቀርጬ እሰጥሃለሁ» አለኝና ከወፍራም ጎማ ቆንጆ ኮከብ ሠራልኝ። ብየዳ ሠራተኛ ነኝ፣ በእጅ የተሠራ ነገር ያስደስተኛል። በርሜል ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሠራች። ከዚያ ክሯ ቀጠነች። ስንከፍታት ክንፎቹ ጫፋቸው ተበልቶ ቤቱ በጥቁር ዱቄት ተሞልቷል። ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ልስላሴው፣ ተጣጥፎ መመለሱ፣ ነዳጅና ዘይት መቻሉ ተለክቶ ነው የሚሠራው። ሁለተኛዋን ከአንድ ሱቅ አገኘሁ፣ ማሸጊያዋ ፀሐይ የበላው። እሷም እንደ ብስኩት ደርቃ ነበር። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠም ያረጃል። አሁን በሞተሩ ሞዴልና ቁጥር ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣለሁ፣ ሁሌም ሁለት። ሲመጣም ክንፏን አጥፌ እለቃታለሁ፣ ወዲያው ካልተመለሰች አልቀበልም። ኮከቧን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ስብስብ ጠይቁ፤ ጓርኒሲዮኖቹ (በብረቶቹ መሃል የሚገቡት ማሸጊያዎች)፣ የላስቲክ ቀለበቶቹና ኮከቧን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሿ ብረት አብረው ይመጣሉ። ያቺን ብረት እኔ ሣር ውስጥ ጥያት ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ። ስትፈቱ ከታች ነጭ ጨርቅ አንጥፉ።

ሲገጠም ሦስት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛ፣ ደረቅ ላስቲክ በግድ ማስገባት። ግራሶ አትቀቡት፣ ላስቲክ የሚያሳብጥ አለ። ጋሼ ግሊሰሪን አሉኝ፤ ፋርማሲ ሊሄዱ ሲነሱ ሚስቴ የፊቷን ይዛ መጣች። እሱ ከሌለ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የክንፎቹ አቅጣጫ። የቤቱን ክዳን ወደ ታች እየተጫናችሁ ዘንጉን ከላይ ሲታይ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አዙሩት፣ ክንፎቹ ራሳቸው ወደሚገባቸው ጎን ይታጠፋሉ። ወደ ኋላ ካዞራችሁት ይገለበጣሉ። ሦስተኛ፣ እግሩ ወደ ላይ ሲመለስ የውሃ ቱቦው ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን አለማየት። እኔ አንዴ ቱቦውን ከጎኑ አቁሜው ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቄያለሁ። ውሃው በሙሉ እዚያው ፈሰሰ። የማርሹን ዘንግ ማገናኘትም አትርሱ፤ በኋላ ወደፊት አልሄድ ሲል ካምቢዮ ተበላሸ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

እግሩ ከወረደ አይቀር የማርሹን ዘይትም አፍስሱት። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፣ የፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት፣ ነገር ነው። በተረፈ ያ ሌላ ሥራ ነው።

በርሜል ሙከራውን አሁንም እሠራለሁ፣ ግን በሌላ ዓይን። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ጠፍጣፋ ብረት መሸፈን አለበት፤ ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። አምስት ደቂቃ ሳይሆን ሃያ ደቂቃ አሠራዋለሁ፣ በመሃል ጋዝ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ እየሞቀ ስለሚሄድ በመሃል እቀይረዋለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ኮቃ ላይ በ95 ገደማ። የመኪና ራዲያተር በክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ይህ ብዙም አይሰማውም። የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣ ግን ክፍት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሞተር ይልቅ የኛው ቶሎ ወደ እንፋሎት ይሄዳል። ደካማ ኮከብ እዚህ አገር ላይ ብዙ አይታገስም።

ከሁሉ የረዳኝ ግን ቀላሉ ነገር ነው። በክረምት፣ በወር አንዴ፣ ልብስ በሚታጠብበት ቀን በርሜሉ ስለሚሞላ፣ ሞተሩን አስገብቼ ትንሽ አሠራዋለሁ። ኮከቧ ሌላ ጎኗን ትተኛለች፣ ያው ክንፍ ብቻ ታጥፎ አይከርምም።

ያ የነከሰው ሞተር ፒስተኑና ቀለበቶቹ ተቀይረው፣ ሲሊንደሩ ተሞርዶ ተነሳ። ስንት እንደወጣበት ለሚስቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ክዳኑ ውስጥ በነጭ ቀለም ኮከቧ የተቀየረችበትን ወርና ዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ፤ አሁን አራት መስመር ሆኗል። ወንድሜም ሲደውል ጥያቄውን ለውጧል። «ይሸናል?» አይልም። «ጻፍክ?» ነው የሚለኝ። ጀልባው ውስጥ ግን ሁለት መቅዘፊያ አለ።